ሠርግ ቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድህ፣ ለአንድ ልጄ፤

ጤናዬን ብትጠይቀኝ ደኅና ነኝ። ዓይኔም ድኗል። ይኸው ማንንም ሳላስቸግር፣ መነጽርም ሳላደርግ በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው። መስመሩ ከተንጋደደ ጥፋቱ የእጄ ነው እንጂ የዓይኔ አይደለም።

ስልክህን ባለማንሳቴ እንደተጨነቅክ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጋ ሳይቀር ደውለህ «እማዬ ታመመች እንዴ?» ብለሃል። አልታመምኩም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ስምህን አየዋለሁ፤ ጩኸቱ እስኪያበቃ አየዋለሁ። የማላነሳው ስለምታቋርጠኝ ነው። ገና «አንተ ልጅ» ስል «እማዬ ቆይ ላስረዳሽ» ትላለህ፤ አንተ ማስረዳት ስትጀምር ደግሞ የእኔ ሆድ ከልጅነትህ ጀምሮ ቅቤ ነው። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። የምታውቀውንም የማታውቀውንም ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልሃለሁና ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባትህ ትቶልን የሄደው ነገር ቢኖር ያ ዋሻ ነው። ድሮ ኩባንያው እርሳስ ሲያወጣበት ኖሮ አለቀ ብሎ ትቶት የሄደ። እነሱ የሚቀልጥ ድንጋይ ነበር የሚፈልጉት፤ እኛ የሚታይ። አባትህ በደረቱ ታሞ ካረፈ በኋላ ድጅኖውን ያነሳው አጎትህ ነው፤ መሮውንና ትንሿን መዶሻ ያነሳሁት እኔ። እሱን ሰው ሁሉ ቀስበል ይለዋል። ዋሻ ውስጥ ከአፉ የሚወጣው ያው «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ነዋ! ሲበላም ቀስ ነው፣ ሲራመድም ቀስ ነው፤ ዛሬ ቀልድ ብትነግረው የሚስቀው ነገ ነው። እኔን ደግሞ ፍልፈሏ ይሉኛል። በቀጭንነቴ የማልገባበት ስንጥቅ የለም። ሰነፎች አልነበርንም። ከየስንጥቁ ክሪስታል ሳይሰበር እያወጣን፣ ጭቃውን እያጠብን፣ በሰጋቱራ በተሞላ ሳጥን እያስተኛን አሳደግንህ። አንተም ከድንጋይ ስለማትርቅ ነው እዚያ ባሕር ማዶ ድንጋይ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የተቀጠርከው። «እማዬ፣ አንቺ የምታወጪውን እኔ እሸጣለሁ» ስትል ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ቀን እንዴት እንዳገኘሁት በስልክ ነግሬሃለሁ፤ ግን በደስታ ብዛት ስለተንተባተብኩ አሁን በወጉ ልንገርህ። ኩባንያው ጣራውን እንዲሸከም ብሎ ሳይቆርጠው የተወው ዓምድ አለ አይደል? ከጀርባው እርጥብ ጭቃ ስጭር መሮዬ ስምጥ አለ። በእንጨት እየጎረጎርኩ ጭቃውን ሳወጣ እጄ እስከ ክርኔ ገባ። ከዚያ ነፋስ ፊቴን ዳሰሰኝ። ነፋስ! ከድፍን ዓለት ውስጥ! ባትሪዬን አስገብቼ በደኅናው ዓይኔ አየሁ።

ልጄ፣ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የሚቆምባት ክፍል ናት። ወለሏም ግድግዳዋም ጠርዛቸው እንደ መስታወት በሚያበራ አረንጓዴ ኩብ ተሸፍኗል። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ አቧራ እንኳ ያልነካው። የጀርባው ግድግዳ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የቤት በር የሚያህል፣ ሙሉ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው። ከወለሉ ላይ የረገፈች አንዲት ፍንካች ይዤ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ሳደርጋት አረንጓዴነቷ ጠፍቶ ወይን ጠጅ ሆነች። አጎትህ እዚያች ቀዳዳ ላይ ተደፍቶ ብዙ ቆየ። ሲነሳ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና «ቀስ እንበል» አለ።

ተስማማን። ከወለሉ እንጀምራለን፤ በእጅ፣ በመሮ። የጀርባው ግድግዳ ከዓምዱ ጋር የተጋባ ስለሆነ መጨረሻ ይቆያል። ጣራው በእንጨት ሳይደገፍ አይነካም፤ ዓመታት ቢፈጅም ይፍጅ።

ማታውን ደወልኩልህ። አንተ ስለዚያች ልጅ እየነገርከኝ ነበር፤ እንደምታገባት። እኔ ደግሞ ከአፌ አመለጠኝና «ስሙን ሠርግ ቤት ብዬዋለሁ፤ በሱ ነው የምድርህ» አልኩህ። ሳቅክ። «ለአጎትህ እንዳትነግረው፣ ይቆጣኛል» አልኩህ። እሱ ያልወጣ ድንጋይ ስም አይወጣለትም ባይ ነው፤ ያልተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም እንደሚባለው። ስለዚህ ያ ስም ከእኔ አፍ ወደ አንተ ጆሮ ብቻ ነው የሄደው። ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ የቤቴን ማሰሮ ሁሉ የምታውቀው፣ አልሰማችውም።

አንተ ብዙ ጠየቅከኝ። ስፋቱን፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ዓምዱ ምን ያህል እንደሚወፍር። ልጄ ለሥራዬ ገደደው ብዬ ልቤ ሞልቶ አንድ በአንድ መለስኩልህ። በሌላ ቀን ደግሞ «እኛ ጋ ድንጋይ እንደ ቅቤ የሚቆርጥ መጋዝ አለ፤ የጀርባውን ግድግዳ ሙሉውን እናነሳዋለን» አልክ። «ዓምዱን የነካ ጣራውን ነካ» አልኩህ። «እሺ እማዬ» አልክ። እሺ ስትል እሺ መሰለኝ።

ከዚያ የዓይኔ ነገር መጣ። ሞራው አንዱን ዓይኔን ጨርሶ ሸፍኖት፣ ሁለተኛውን እየጀመረው ነበር። «ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ሁሉን ጨርሻለሁ፣ አንቺ ሂጂ ብቻ» ስትለኝ አለቀስኩ። መንደሩ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። የአውቶቡሱ ሾፌር ስንኳ «የታደልሽ፣ ወልዶ መሳም ይኸ ነው» ብሎኛል። አጎትህ የዋሻውን በር ሊጠብቅ ቀረ። «ታክመሽ እስክትመጪ ከዚህ አልነቃነቅም» አለኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ዓይኔ ታሽጎ ተኝቼ፣ ነርሷ ሾርባ እያጎረሰችኝ ሳለ ከበሩ በኩል የሚያለከልክ ድምፅ ሰማሁ።

«እትዬ! አለሽ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ምን ሆነህ ነው?»

«ጠንቶባታል፣ ድረስላት ብለውኝ...»

«ማን ነው ያለህ?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ መቀመጡ ነው። «የተሳሳተ ሰው ነው መሰለኝ» አለ።

«አይ ቀስበል፣ በዕድሜህ አንዴ ብትፈጥን ለተሳሳተ ሰው!» ብዬ ሳቅሁበት። አልሳቀም። ነገ ይስቃል ብዬ ተውኩት። በዚያ ሰዓት መመለሻ መኪና የለም፤ ፋሻዬ እስኪፈታም አብሮኝ ቆየ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የእሱን ፊት ነው። «እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?» አልኩት። «አንቺ ነሽ ለማየት የዘገየሽው» አለኝ።

ቤት እንደገባን ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ዋሻው ሮጥኩ። በዳነው ዓይኔ ላየው ነበር። የብረቱ በር እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ አልተነካም። ግን ከበሩ ፊት የከባድ መኪና ጎማ መሬቱን አርሶታል። ውስጥ ስገባ ወለሉ በነጭ አተላ ተለስኗል፤ መጋዙ ከውሃ ጋር የተፋው ዱቄት። ያ አረንጓዴ ወለል የለም። ግድግዳዎቹ የሉም። በር የሚያክለው ድንጋይ የነበረበት ቦታ በቢላ እንደተቆረጠ ሳሙና ለስልሷል። ዓምዱ ከወገቡ ተቦርቡሯል። ዐሥር ዓመት እንደዚያ አጥርቼ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ግን ባዶ ግድግዳ ነው።

ጮህኩ መሰለኝ፤ ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። አጎትህ ከኋላዬ ቆሟል።

«የዚህ በር ቁልፍ ማን እጅ ነው ያለው?» አልኩት።

«አንቺና እኔ ጋ።»

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ እኔ አልነካሁም» አለና መሬት መሬት አየ። ንጹሕ ሰው መሬት ምን ያሳየዋል ብዬ ደመደምኩ። ሆን ብሎ ሆስፒታል የመጣው ሌቦቹ እንዲገቡ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ሌባ! ወንድምህ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ይይህ!» አልኩት። ቆቡን አወለቀ፣ በእጁ ያዘው፣ ቁልቁል ወረደ። ቀስ ብሎ እንኳ አልነበረም የሄደው።

ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ የቀረውን መሣሪያዬን ላወጣ ስገባ ከውስጥ ብርሃን አየሁ። እሱ ነው፤ አጣና ትከሻው ላይ ተሸክሞ ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን ቀረህና መጣህ?»

«ጣራው ሊወርድ ነው እትዬ። አንቺ እየገባሽ...»

«ውጣ!»

እንጨቱን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደግፎት ወጣ። የተረፈ ሊለቅም መጥቶ ነው አልኩ። ዙሪያውን አላየሁም እንጂ በተቦረቦረው ዓምድ ዳርና ዳር አዲስ አጣና ቆሞ ነበር። በንዴት የታወረ በሞራ ከታወረው ይብሳል።

ሰውየው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በተወለወለ ጫማ፣ አበባ ይዞ። ከአንተ ድርጅት እንደመጣ ነገረኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

«እማማ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ። ልጅዎ ሸሪካችን ሆኗል፤ እንኳን ደስ ያለዎ!» አለ። ከዚያ ወደ ዋሻው አፍ ጠቆመና «ሠርግ ቤት የምትሉት ይኸ ነው አይደል?» አለኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን አልክ?» አልኩት።

«ሠርግ ቤት። ልጅዎ እንዲህ ነው የሚለው። እኛም ስሙን ስለወደድነው ከድንጋዩ ሥር አስጽፈነዋል።»

«ማን ፈቅዶላችሁ ገባችሁ?»

«እርስዎ ነዎታ!» አለ እየሳቀ። ሳቁ ግን ፊቴን ሲያይ ከከንፈሩ ላይ ቀረ። «እናቴ ተስማምታለች፣ የመጋዝ ድምፅ ስለማትወድ ለሕክምና ስትሄድ ግቡ ብሎን እኮ ነው... ዘበኛውንም እኔ ዘወር አደርገዋለሁ አለ...» እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፍ አወጣ። «ይኸንንም ለእርስዎ መልስ ብሎኛል።»

ሰማያዊ የጫማ ክር ያሠርክበት ቁልፍ። ስትሄድ «የቤቴ ሽታ ይሁነኝ» ብለህ የወሰድከው። ሦስተኛ ቁልፍ እንዳለ እኮ ረስቼው ነበር! እናት የልጇን ቁልፍ ከሌባ ቁልፍ ጋር አትቆጥርማ።

ሰውየው ፎቶ ሊያነሳኝ ነበር የመጣው፤ «ያገኘችው እናት» ብለው ከድንጋዩ አጠገብ ሊሰቅሉት። ደንግጦ «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» አለ። «የለም፣ አንሳኝ» አልኩት። አይተኸው ይሆናል። ፈገግ ያላልኩት ፀሐይዋ ዓይኔን ወግታኝ አይደለም።

አበባውን በር ላይ ትቼ አጎትህ ቤት ወረድኩ። ጓሮ ተቀምጦ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርባል።

«ሆስፒታል የመጣህ ቀን ማን ነበር የደወለልህ?»

«የተሳሳተ ሰው ነው አላልኩሽም?»

«ሰውየው መጥቷል። ቁልፉንም አምጥቷል።»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ካወቅሽ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ» አለ።

«ሌባ ስልህ ለምን ዝም አልክ? በሰው ፊት ሳዋርድህ!»

«እኔን ሌባ ስትዪ የጠፋብሽ የባልሽ ወንድም ነው። አፌን ብከፍት ልጅሽ ይጠፋብሽ ነበር። የቱ ይቀልሻል?» አለኝ። ቀጠለና «ያለ ሰላምታሽ የምኖር መስሎኝ ነበር። ሞከርኩት። ከባድ ነው» አለ።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘኝ። ሌላውን አልጽፍልህም፤ የእኔና የእሱ ነው።

በማግስቱ ሌባ ባልኩበት ቦታ ያንኑ ጎረቤት ሰብስቤ ንጹሕ መሆኑን ተናገርኩ። «ታዲያ ማን ነው?» አሉኝ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አልነቀለችም። «እኔው ራሴ ፈቅጄ ነው፤ የሆስፒታሉ መድኃኒት አስረስቶኝ» አልኩ። ይኸው ለአንተ ብዬ ጃጀች ተብያለሁ። አሁን ገበያ ስሄድ ልብስ ሰፊዋ መንገዱን እንዳልስት እስከ ጥጉ ትሸኘኛለች።

ዋሻው ተዘግቷል። መሣሪያችንን ልናወጣ አብረን ገብተን ነበር። ካሪዮላውን እየገፋሁ ሳለ ከአጣናዎቹ አንዱ ጧ አለ። አጎትህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቶሎ በይ!» ብሎ ጮኸ። ካሪዮላውን ጥዬ፣ እሱ በቀሚሴ ጨምድዶ እየጎተተኝ ወጣን። ከኋላችን ተራራው እንደ ሳንባ በሽተኛ ሳለና አቧራውን ተፋብን። እሱ ሌባ ተብሎ ያቆማቸው እንጨቶች ባይኖሩ ገና ብቻዬን በገባሁበት ማለዳ ይወርድብኝ ነበር። አባትህ የቆፈረው፣ እኔ የቆፈርኩት፣ አንተ ዳዴ ያልክበት ሁሉ ከሥር ነው።

እንግዲህ የሆነው ይኸ ነው። ስለ ድንጋዩ አልወቅስህም። ድንጋይ ተራራው ሌላ ይወልዳል፤ ለእኛ ባይደርስም ለሌላ ይደርሳል። ሸሪክ በመሆንህም አልቀናብህም። በመሪር ቃል ልጽፍልህ ተቀምጬ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ መስታወት ውስጥ ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ያሳከምከኝ ዓይኔ እንዲበራልኝ ብለህ ነው ወይስ ከቤት እንድወጣልህ? መርፌ አላስቸግር ብሎኝ ክር ባስገባሁ ቁጥር ላመሰግንህ አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ምስጋናዬን ነው የወሰድክብኝ ልጄ። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

መልሱን በስልክ አልፈልገውም። ለሠርጉም ትኬት እንዳትልክልኝ፤ አልመጣም። አንተ ና። ልጅቷንም ከፈለግክ ይዘሃት ና፤ እሷ የበደለችኝ የለም፤ አልጋ አነጥፍላታለሁ። ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው የአጎትህን በር ነው። እኔ ጋ ለመድረስ ስትጣደፍ ሁልጊዜ በጓሮ ነበር የምትሾልከው። አሁን በፊት ለፊት ሂድ። አንኳኳ። ለመክፈት ይዘገያል፤ ጠብቀው። የምትለውን ለእሱ በል። እሱ ይዞህ ከመጣ በሬ ክፍት ነው። ብቻህን ከመጣህ ግን ልጄ፣ እኔ አንተን ከደጅ የምመልስበት ጉልበት የለኝምና፣ እባክህ እንዲያ አድርገህ አትምጣብኝ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናው። ክፉ አይንካህ። የሠራኸው ሁሉ አይቆጠርብህ፤ ከእኔ በኩል ለመርሳት እየታገልኩ ነው። እዚያ ብርዱ ጀምሯል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደረትህን ሸፍን፣ የአባትህ ደረት ነው ያለህ።

እናትህ